የጋሽ ጎስዋሚ አማት

በሮቢንስዴል ለምትኖሩ፣ በሪችፊልድ ለምታድሩ፣ በሚኒያፖሊስ በረዶ ላይ ቆማችሁ አውቶቡስ ለምትጠብቁ ወገኖች በሙሉ፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ። ሐብተማርያም ቀጀላ፣ የቤት ለቤት ሕሙማን ረዳት፣ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ፣ የጎን መስታወቷ በፕላስተር የተያዘ የአንዲት ኮሮላ ሙሉ ባለቤት፣ ከዛሬ ጀምሮ በታሪክ ፊት ቀርቦ እንዲጠየቅ ተወስኗል። ታሪክ ሥራ በዝቶበት ካልመጣ እኛ ተክተነው እንጠይቃለን።

ክሱ አጭር ነው። አንድ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት ከገዛ ቤታቸው ወጥተው፣ በሩ በቁጥር ወደሚከፈት የመርሳት ሕሙማን ማቆያ ሊገቡ ነው። አሳልፎ የሚሰጣቸው ማስረጃ የሐብተማርያም ትጋት ነው። ሰውየው ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ዛሬም ነገም ቤታቸው በተቀመጡ ነበር።

ሐብተማርያም ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲናገር ድምፁ ከጎኑ ካለው ሰው አያልፍም፤ ሲጽፍ ግን የሚያስቆመው የለም። በወጣትነቱ፣ አገሩ ሁሉ ስብሰባ በሚውልበት ዘመን፣ የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበር። ሊቀ መንበሩ ይናገራሉ፤ ሰፊው ሕዝብ ያንቀላፋል፤ ሐብተማርያም ይጽፋል። ማን ምን አለ፣ ማን ደገፈ፣ ማን ሆዴን አመመኝ ብሎ ወጣ። ከተወሰነው ውስጥ አንድ የተፈጸመ ነገር ትዝ የሚለው የለም፤ የተጻፈው ግን በሙሉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ከዚያ ዘመን አንድ እምነት ተረፈው፤ የተባለ ሁሉ እንደተባለ ይጻፋል፣ የጸሐፊው አስተያየት አይጨመርበትም። መንግሥት ሲለወጥ ሌላው እምነቱን ለወጠ። እሱ ይህቺኑ ይዞ ሚኒሶታ ገባ።

እዚህም ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ አደረገችው። ሌላው ይዘምራል፣ ያሸበሽባል፣ ከበሮ ይመታል፤ እሱ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የሚቀጥለውን ስብሰባ አጀንዳ ያረቅቃል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አፉን ከፍቶ ሲዘምር ያየው ሰው የለም።

ኤጀንሲው ሲቀጥረው የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጠው። አሠልጣኟ ደጋግማ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ ያልጻፋችሁትን እንዳልሠራችሁት እንቆጥረዋለን። ሌሎቹ ረዳቶች ይህን ሰምተው ምሳ በሉ። በየሺፍቱ መጨረሻ ስልካቸው ላይ ባለው አፕ «ታካሚው ደህና ናቸው» ይላሉ፤ የትናንቱን ለዛሬ ኮፒ ያደርጋሉ፤ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሐብተማርያም ግን የጠፋበትን ወንድሙን ያገኘ ያህል ደስ አለው። መጀመሪያ በደብተር በአማርኛ ያረቅቃል። ከዚያ በአንድ ጣቱ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰ አፑ ውስጥ ይከታል። ለአስተያየት የተሰጠችው ሳጥን ሞልታ አልቀበልም እስክትለው ድረስ አይነሣም።

ባለፈው ጥቅምት የተመደበበት ታካሚ ሚስተር ጎስዋሚ ይባላሉ። የቤንጋል ሰው ናቸው። ውሃ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሲለኩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጃቸው አሪዞና ነው። ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ዎከር የሚሉት የብረት መደገፊያ ተሰጣቸው፤ ከዎከሩ ጋር ሐብተማርያም ተሰጣቸው።

«ሚስተር» ለሽማግሌ ያንሳል ብሎ በሁለተኛው ቀን «ጋሽ ጎስዋሚ» ይላቸው ጀመር።

«ጋሽ ምንድን ነው?» አሉ።

«ታላቅ ወንድም። ክብር ነው።»

«በእኛ ዳዳ ነው። ዳዳ በለኝ።»

«ጋሽ ይሻለኛል» አለ ሐብተማርያም፤ ጋሽ ሆነው ቀሩ።

ሥጋ አይበሉ፣ ዓሣ አይበሉ፣ እንቁላል አይበሉ፤ ሽንኩርት እንኳ ቤታቸው አይገባም። ሐብተማርያም ይህን ሲያይ አከበራቸው። ለሚስቱ ለጽጌሬዳም ነገራት። እሷ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ የሰውን ሃይማኖት በሚበላው የምትለይ ሴት ናት።

«ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ» አላት።

«ወተትስ?»

«ወተት ይጠጣሉ።»

«እንግዲያው አይጾሙም» አለችና ነገሩን ዘጋችው።

ጋሽ ጎስዋሚ ጠዋት ታጥበው፣ ግንባራቸው ላይ በነጭ አፈር ሁለት መስመር ስበው፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ የአምላካቸው ምስል ካለበት ምንጣፍ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ይቀመጣሉ። ድሮ መሬት ይቀመጡ ነበር፤ ዳሌው ከለከለ። ጭናቸው ላይ ከሸክላ የተሠራ፣ ሁለት ፊት ያለው ረዘም ያለ ከበሮ ያጋድማሉ። ይዘምራሉ። ድሮ አምስት ነበሩ፤ ሁለቱ ሞቱ፣ ሁለቱ ልጆቻቸው ጋ ቴክሳስ ሄዱ። አሁን ብቻቸውን የአምስቱን ይዘምራሉ።

በመጀመሪያው ቀን ሐብተማርያም «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ጓጉቶ አይደለም፤ ማስታወሻው ላይ የሚጽፈው ስላስፈለገው ነው።

ሽማግሌው በዚያ ቤት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው ካዩ ዘመን ሆኗቸዋል። ከበሮውን አስቀመጡና ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ተረጎሙለት።

«ዋሽንቱን ሰማሁ፤ ከወንዙ ማዶ ይጠራኛል። ወጥቼ ልሂድ፤ አማቴ ግን አልተኛችም።»

«አማትዎ?»

«አማቴ። የባሌ እናት።»

«የባልዎ።»

«የባሌ።»

ሐብተማርያም ጻፈ።

ደብተሩ ላይ ግን አንድ ቦታ እስክሪብቶው ቆመ። ሽማግሌው ይህን ሲሉ ምን እያደረጉ ነበር ይባላል? እየዘፈኑ ነበር ቢል ሐሰት ነው። ዘፈን የዓለም ነው፤ የሠርግና የመጠጥ ቤት ነው፤ ሰውየው ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው እንባቸው ይወርዳል። እየዘመሩ ነበር ቢልስ? መዝሙር ለእግዚአብሔር ነው፤ ለየትኛው የሚል ይመጣል። የኤጀንሲው ፕሮግራም አውጪ ደግሞ የደብሩ ሰው ናት፤ ማስታወሻዎቹን ታያለች፤ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጣዖት ፊት ተቀምጦ መዝሙር ሲተረጎምለት ይውላል ብላ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልትናገር ትችላለች። ሐብተማርያም አሰበ፤ አሰበና ሁለቱንም ተወ። «ተናግረዋል» ብሎ አለፈ። ቃለ ጉባኤ ዜማ አይመዘግብም።

እንዲህ አራት ወር ጻፈ። ጥቂቱን እነሆ፤

«ታካሚው ዋሽንት እንደሚሰሙ ገልጸዋል። ረዳቱ ዋሽንት አልሰማም።»

«ታካሚው በዝናብ ከቤት ወጥተው ወንዝ ዳር እንደሚሄዱ፣ እግራቸው ላይ እባብ ቢጠመጠም እንደማይመለሱ አስረድተዋል። ውጭው ከዜሮ በታች ነው።»

«ታካሚው አማታቸው እንደምትጠብቃቸው፣ የባላቸው እህት እንደምትሰልላቸው ተናግረዋል።»

«ታካሚው ገላቸው በሙሉ እንደሚቃጠል ተናግረዋል። ሙቀት ተለካ፤ ደህና ነው። ሾርባ ተሰጣቸው።»

ሐብተማርያም የሚሰማውን አያውቅም እንዳይባል፣ ያውቃል። በሦስተኛው ሳምንት ግራ ሲገባው በቀጥታ ጠይቋል።

«ጋሽ ጎስዋሚ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህች ሴት ማን ናት?»

«ራዳ ናት። የከብት አርቢዎች መንደር ሴት ናት፤ ባለትዳር። ዋሽንት የሚነፋው ክሪሽና ነው፤ እግዚአብሔራችን ማለት ነው። እኛ ቫይሽናቫዎች እሱን ነው የምናመልከው።»

«ባለትዳር ሆና ነው የምትሄደው?»

«ባለትዳር ሆና።»

«ከእግዚአብሔር ጋር?»

«ከሌላ ከማን ጋር ይሻላት ነበር?» አሉና ሳቁ። «ትዳር ግዴታ ነው፣ ሃቡ። አማት አለች፣ ወጥ አለ፣ የጎረቤት ዓይን አለ። ማንም ሳያዝህ፣ ሁሉም እየከለከለህ የምትሄድበት ነው ፍቅር። እግዚአብሔርን በግዴታ የሚወድ ሞልቷል።»

«እርስዎ ግን ወንድ ነዎት።»

«እሱ ፊት ወንድ የለም። ወንድ እሱ ብቻ ነው።»

ይህን የአገራችን ወንድ ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም፤ እግዚአብሔር ፊትም ቢሆን ቀበቶውን አይፈታም። ሐብተማርያም ግን ዝም ብሎ ሰማ። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ የአያታቸውን ግቢ ነገሩት። የሙሉ ጨረቃ ቀን ልብስ አጣቢው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ካህኑና ባለመሬቱ አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። በሌላ ቀን የአንዱ ጥላ በሌላው ላይ ካረፈ ገላ መታጠብ ያስፈልጋል። ሠርግ ላይ እንዳትታይ የምትደበቀው ባሏ የሞተባት ሴት ያን ቀን መሪዋ እሷ ናት፤ ድምፅ ያላት እሷ ነበረችና። ምራትየዋ አማቷ አጠገብ ተቀምጣ «አማቴ ውሃ ላይ ቆየሽ ብላ ፀጉሬን ታሸታለች፤ የሳቅኩትን ትቆጥራለች» ብላ ታዜማለች። አማትየዋ ታለቅሳለች፤ ለራዳ አዝና።

«ሲነጋስ?» አለ ሐብተማርያም።

«ሲነጋ እያንዳንዱ ወደ ጉድጓዱ። የካህኑ ውሃ ለካህኑ፣ የአጣቢው ለአጣቢው።»

ሐብተማርያም የቀበሌው የውይይት ክበብ ትዝ አለው። «ታዲያ ይህ ማስተንፈሻ ነው እንጂ ለውጥ አይደለም» አለ። «ምን ተለወጠ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«በሚቀጥለው ጨረቃ እንደገና መጡ። ለውጥ አመጣለሁ ያለው ሁሉ ለሁለተኛ ስብሰባ ሰው አጥቶ ሲቸገር አይቻለሁ» አሉና ከበሮውን አነሡ።

የካቲት ላይ ሲፋን ማስታወሻዎቹን አነበበች። ሲፋን የኤጀንሲው ነርስ ናት፤ ሚኒያፖሊስ ተወልዳ ያደገች፣ ቤቷ ኦሮምኛ፣ ሥራዋ እንግሊዝኛ፣ አማርኛዋን ከጎረቤት የለቃቀመች ወጣት ሴት። በየሦስት ወሩ ማየት ያለባትን በአራተኛው ወር አየችው፤ ያየችውን ሁሉ ግን እስከ መጨረሻው አነበበች። ይህም በኤጀንሲው ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ደወለችለት።

«ኦቦ ሐብተማርያም፣ ሰውየው ድምፅ ይሰማሉ፤ በዚህ ብርድ ወንዝ ዳር ልሂድ ይላሉ፤ ሰው ያሳድደኛል ይላሉ። አራት ወር ሙሉ። ለምን አልነገሩኝም?»

«ሁሉንም ጽፌዋለሁ እኮ፣ ሲስተር።»

«ጽፈውታል። እኔ አሁን ለልጃቸው መናገር አለብኝ፤ ሐኪምም ይፈትሻቸዋል። ብቻቸውን አድረው ቢወጡስ? ጠዋት በረዶ ላይ ብናገኛቸውስ?»

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ለሐብተማርያም የመጣለት ግን «ስብሰባ ይጠራ» የሚለው ነው።

ስብሰባው ሐሙስ በሽማግሌው ሳሎን ተደረገ። ሲፋን ሶፋው ላይ፣ ሐብተማርያም ከኩሽና ባመጣው ወንበር ላይ፣ ልጅየው ከአሪዞና በላፕቶፕ ስክሪን። ጋሽ ጎስዋሚ የተጠሩበት አልገባቸውም፤ እንግዳ መጣ ብለው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል።

ሲፋን በደንቡ ጀመረች። ቀኑን ጠየቀቻቸው፤ መለሱ፤ በቤንጋል አቆጣጠርም ጨመሩላት። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ጠየቀቻቸው፤ ሰውየው ሠላሳ ዓመት ቧንቧ የለኩ ናቸው፣ ሁለት እስኪቀር ወረዱ። ከዚያ ማስታወሻውን አወጣች።

«ዋሽንት ይሰማሉ?»

«አንዳንድ ቀን። በየቀኑ ቢሰማኝማ ምን ጠፋ?»

«ከቤት መውጣት ይፈልጋሉ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ።»

«አማትዎስ ይከለክሉዎታል?»

«እሷ ባትከለክል መሄዱ ምን ይጣፍጣል?»

«ሚስተር ጎስዋሚ፣ እርስዎ ሴት ነዎት?»

«ስዘምር፣ አዎ።»

ልጅየው ስክሪኑ ውስጥ ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው አንድም ውሸት ሳይናገሩ ፈተናውን ወደቁ።

ሲፋን ግን እስክሪብቶዋን አነሣች። «ስዘምር ነው ያሉት? ይህ ሁሉ መዝሙር ነው?»

«አባቴ ድሮ ይዘፍን ነበር» አለ ልጅየው ፈጥኖ። «ይህ ግን ሌላ ነው። ማስታወሻው ላይ መዝፈን የሚል የለም። እኔ ጥሩ ቦታ አይቻለሁ፤ በሩ ኮድ አለው፣ አትክልት ቦታ አለው።»

ልጅየው ሐሰተኛ አይደለም፤ ትንሽ ያነሰ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ቤቱ መጥተው አባቱን በሴት ቃል ሲዘምሩ፣ ትርጉሙም «ና ውዴ» ነው ሲሉ ሰሙ። ሰኞ ዕለት በኮሪደሩ ሁሉ «ና ውዴ» ይሉት ጀመር። ሰውየው አሁን ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ የመድኃኒት ድርጅት ውስጥ ክፍል ይመራል። ሰኞዋ ግን አላለፈችለትም። መዝሙር መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። የማያውቁ ነርሶች እስካሉ ድረስ የማስረዳት ግዴታ አልታየውም።

ሲፋን ወደ ሐብተማርያም ዞረች። «ከመቶ በላይ ማስታወሻ አለ፣ ኦቦ። 'እየዘመሩ' የሚል አንድ ቃል የለም። ለምን?»

ቃለ ጉባኤ ያዥ ስብሰባ ላይ አይጠየቅም። ሐብተማርያም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቀ።

«የተባለው ሁሉ ተብሏል» አለ። «አንድም አልጨመርኩም።»

«መጨመርዎን አላልኩም።»

ጋሽ ጎስዋሚ አንዴ እሱን፣ አንዴ ስክሪኑን ያያሉ። እንግዶቹ የመጡበት ነገር አሁን እየገባቸው ነው፤ እጃቸው ዎከሩን ያዘ።

«ፈርቼ ነው» አለ ሐብተማርያም። «ዘፈን ብዬ እንዳልጽፍ ይጸልያሉ። መዝሙር ብዬ እንዳልጽፍ፣ ለማን የሚለኝ ይመጣል። የእኛ ሰዎች ኤጀንሲው ውስጥ አሉ። ዝም ብል ይሻላል ብዬ ነው።»

«አሁንስ ምንድን ነው ይላሉ?»

«መዝሙር ነው። ጸሎት ነው።»

«ይጽፉታል?»

«እጽፈዋለሁ።»

ጻፈም፤ እዚያው፣ በአንድ ጣቱ። ሲፋን አነበበችና ራሷን ነቀነቀች። «እኔ አምናለሁ። ሐኪሙ ግን አራት ወር ሙሉ ሌላ የጻፈ ሰው አንድ ቀን ቢያርም ምን ብሎ ያምናል? ልጃቸውም ተቃዋሚ ነው፤ የመወሰን ሥልጣን አለው። ሐኪሙ የሚመጣው የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ነው። ሲዘምሩ ቁጭ ብለው ያዩ፣ ዘመድ ያልሆኑ፣ የኤጀንሲው ሠራተኛ ያልሆኑ ሰዎች ጽፈው ይፈርሙ፤ ከፋይሉ ጋር አያይዘዋለሁ።»

«ስንት ሰው?»

«የተገኘውን ያህል።»

«ሦስት» አለ ሐብተማርያም። ምስክር ሦስት ነው፤ አሜሪካ ይህን ባታውቅ እሱ ምን ያድርግ። ወረቀት አውጥቶ ሦስት መስመር አሰመረ።

መጀመሪያ ቴክሳስ ተደወለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስልኩ ላይ አለቀሱ፤ ልጆቻቸው ግን በሰው የቤተሰብ ጉዳይ አትግቡ ብለው ስልኩን ተቀበሉ። ከአገራቸው ሰዎች ማኅበር አንድ ትሑት ሰው፣ መዝሙሮቹ ጥልቅ ፍልስፍና መሆናቸውን ለሩብ ሰዓት አብራርቶ፣ ለነርስ የሚነገሩ ግን አይደሉም አለ። ሐብተማርያም ወደ ገዛ ወገኖቹ ዞረ።

ጽጌሬዳ ቅዳሜ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቶሎ ለመነሣት። ሽማግሌው ዘመሩ፤ በየመስመሩ እያቆሙ ተረጎሙ። አማት ምራቷ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ፀጉሯን የምታሸትበት ላይ ሲደርሱ ካፖርቷን አወለቀች።

«ይህን አማትየዋ ፊት ነው የሚሉት?» አለች።

«ፊቷ። አብራ ታለቅሳለች» አሉ ጋሽ ጎስዋሚ።

«ለራሷ መስሏት ነው?»

«አይደለም። የሌላ አገር ምራት አሳዝናት ነው። የገዛ ምራቷ ክርኗ ሥር ተቀምጣ።»

«እኔ ስምንት ዓመት እናትየው ቤት ስኖር በሆዴ ይዤው ነው የወጣሁት» አለች ጽጌሬዳ በአማርኛ። «ለካ እግዜርን ካስገቡበት በአደባባይ ይነገራል።»

«እናቴን ነው?» አለ ሐብተማርያም።

«አንተ ዝም ብለህ ጻፍ። ወረቀቱን አምጣው።»

በመጀመሪያው መስመር ላይ «ጸሎት ነው። ጤነኛ ሰው ናቸው። ከእኛ ቤት ጤነኞች ይልቅ» ብላ ጽፋ ፈረመች።

ሁለተኛው ኤዶሳ ነው፤ ለሌላ ድርጅት ሕሙማንን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ቫን ሹፌር። ለማሳመን ሐብተማርያም ሦስት ነጥብ አዘጋጅቶ ነበር፤ አንዱንም አላስጨረሰውም።

«እኔ ቫን ውስጥ ሲዘምሩ ነው የከረሙት» አለ። «ሰው ሲቃዥና ሲጸልይ በመስታወት ለይቼ አውቃለሁ። የሚቃዠው 'ቶሎ ንዳ' ይላል። እሳቸው ቀይ መብራት ሲይዘን ደስ ይላቸዋል፤ ግጥሙ ሳያልቅ እንዳንደርስ። የት ነው የምፈርመው?»

ሦስተኛው ዑቕባሚካኤል እንዲሆኑ ታሰበ። ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛቸው የተማሪ ቤት ነው፣ ከሐብተማርያም የተሻለ ይጽፋሉ፣ የማንንም ሐሜት እንደማይፈሩ ሁልጊዜ ይናገራሉ። መጡ። ጫማቸውን አወለቁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ፤ በመካከሉ በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመቱ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሐብተማርያም ወረቀቱን አቀረበላቸው።

«ስሜ ረጅም ነው» አሉ፤ «መስመሩ አይበቃውም።»

«ወደ ታች ይቀጥሉበት፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። መስማት ሌላ፣ መፈረም ሌላ ነው።»

«ሰውየውን እኮ ሊወስዷቸው ነው።»

«አይቼአለሁ። አዝኛለሁም። ሰው ቢጠይቀኝ ግን አልመጣሁም» አሉና የጫማቸውን ክር አሰሩ።

ከእሳቸው በኋላ ዘጠኝ ሰው ተጠየቀ። አንዱ የንስሐ አባቱን አስፈቅዶ እንደሚመጣ ቃል ገባ፤ ንስሐ አባቱ አገር ቤት ናቸው፣ ስልካቸው አይሠራም። አንዷ በረንዳው ድረስ መጥታ ከበሮውን ስትሰማ መኪናዋን ሳትቆልፍ እንደመጣች ሁሉ ተመለሰች። አንዱ፣ በወጣትነቱ ስለ ጭቁኖች አንድነት እስኪነጋ የሚናገር የነበረ፣ መዝሙሩ የመደብ ይዘቱ ግልጽ ስላልሆነለት ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል። ሐብተማርያም ይህን ሁሉ ጽፎ ይዟል፤ ስማቸውን ግን ለዚህ ጽሑፍ አልሰጠንም። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ መዝለልን በበጎ ሲጠቀምበት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ጎስዋሚ ሁሉንም ያውቃሉ። ልጃቸው ሻንጣ በፖስታ ልኮላቸዋል፤ ሳሎኑ ውስጥ ከነካርቶኑ ቆሟል። ሐብተማርያም እስከ ሐሙስ ድረስ ዝም ቢሉ እንደሚሻል፣ ማስታወሻውም ንጹሕ እንደሚሆን፣ ቢያንስ ስለ አማቲቱ ባያነሡ ደግ እንደሆነ በእርጋታ ሊያስረዳቸው ሞክሯል።

«ቤቴን ለማቆየት ብዬ?» አሉት። «እሷ ቤቷን ጥላ ነው የምትወጣው፣ ሃቡ። እኔ በምን አፌ ነው ቤት ይቅርልኝ ብዬ ዝም የምለው?»

ሐብተማርያም ጻፈው፤ ከፊቱም «ታካሚው ከመዝሙር በኋላ እንዲህ ብለዋል» ብሎ ጨመረ።

ሐኪሙ ሐሙስ ይመጣል። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሁለት ስም፣ አንድ ባዶ መስመር። ሽማግሌው ማክሰኞም ረቡዕም ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ። በሩ አይቆለፍም፤ ጫማ በረንዳው ላይ ይወለቃል፤ ሻይ በወተት ነው፣ የምትጾም ከሆነ ቀድመህ ተናገር። አንባቢ ሆይ፣ ሃይማኖትህን ለውጥ ያለህ የለም። ዘመድ አይደለህም፣ ኤጀንሲውም አልቀጠረህም፤ ሕጉ የሚፈልገው ልክ እንዳንተ ያለውን ሰው ነው። ና፤ ተቀመጥ፤ የሰማኸውን ምን እንደሆነ በስሙ ጠርተህ ጻፍ፤ ከሥሩ ሙሉ ስምህን ከነአባትህ አስቀምጥ። ወንበር እንድናዘጋጅ ቀኑን ብቻ አሁን ንገረን፤ ማክሰኞ ነው ወይስ ረቡዕ?